የእትዬ ሲቲ ጌም ቤት ሁለተኛ አጋማሽ

የመጨረሻው ብሎን ራሱ ስለተበላ ካቻቢቴው ይንሸራተትበታል። የጌም ማሽኑን ጭኔ ላይ ደፋሁት፤ ከላስቲክ ትንሽ ቆርጬ በብሎኑና በካቻቢቴው መካከል አደረግሁና ቀስ ብዬ ጫን እያልኩ አዞርኩ። አንዴ ሸተት አለብኝ። ደግሜ ስጫነው ነከሰ፤ ከዚያ እየተንቀጫቀጨ ወጣ። ከሌሎቹ ብሎኖች ጋር ቆርቆሮ ክዳን ላይ አኖርኩት።

«ወጣልህ?» አለ ሙስዐብ። የእህል ጆንያ ተሸክሞ ከጓዳ እየወጣ ነው።

«ወጣ።»

«ጥሩ። አንተ ብሎን ፍታ፣ እኔ ቤት ልሸከም። ሊያግዝ የመጣ ሰው እንዲህ ነው እንጂ።»

ከሙስዐብ ጋር በአፍ ተከራክሬ አሸንፌ አላውቅም፤ በጌምም እንደዚያው።

የተቀመጥኩት በእናቱ በእትዬ ሲቲ ቤት፣ የፊተኛው ክፍል ወለል ላይ ነው። እኛ ልጆች ሳለን ይህ ክፍል ጌም ቤት ነበር። ኋላ ሱቅ ሆነ። ዛሬ ባዶ ሊሆን ነው። ሙስዐብ ዳንግላ ላይ የጨርቅ ሱቅ ከከፈተ ወዲህ «ነይና አብረን እንኑር» እያለ እናቱን ሲለምን ቆይቶ፣ ዘንድሮ እሺ አሉት። ቤቱ ተሸጧል። ከቀትር በኋላ ኢሱዙ መጥቶ ዕቃውን ይጭናል።

ማሽኑ ከሱቁ መደርደሪያ ሥር፣ ዳንቴል እንደለበሰ ነው የተገኘው። እትዬ ሲቲ «ለቆራሌው ስጡት» ብለው ነበር። እኔ «እስቲ አንዴ ልየው» አልኳቸው፤ እንዲያው ድንገት የመጣልኝ ሐሳብ አስመስዬ። እውነቱ ግን ሳስብበት ከርሜያለሁ። ለሙስዐብም በስልክ ነግሬዋለሁ። ሳትሄዱ፣ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ በዚያው ማሽን፣ ከአንተ ጋር አንድ ሙሉ ጨዋታ መጫወት እፈልጋለሁ አልኩት። ሁለቱንም አጋማሽ። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ «ይሁን። ከዳንግላ ምን ይዤልህ ልምጣ?» አለኝ።

ሁለተኛ አጋማሽ የሚባለው ነገር ለምን እንደናፈቀኝ ለማያውቀን ሰው ማስረዳት አለብኝ።

ቆሰበር ይበርዳል። በካርታ እንጅባራ ትባላለች፤ እኛ ግን እስከ ዛሬ ቆሰበር ነው የምንላት። ክረምቱን ሙሉ ጉሙ ከጣሪያ አይነሳም፤ በበጋም ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ይጋገራል። እትዬ ሲቲ ጌም ቤት ሲከፍቱ ቀድመው ያሰቡት ስለዚህ ብርድ ነው። የከሰል ምድጃ ደጅ ላይ ያቀጣጥላሉ፤ ጭሱ ወጥቶ ፍሙ ሲቀላ ወደ ክፍሉ ያስገቡና ከቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ አጠገብ ያኖሩታል። ከሰሉን የሚያመጡላቸው የአዲስ ቅዳም ሴቶች ነበሩ። በአዊኛ ሲከራከሯቸው ድምፃቸው እስከ መንገዱ ይሰማል፤ ተከራክረው ሲያበቁ ተሳስቀው ይለያያሉ።

ምድጃውን ወደ ማሽኑ ያስጠጉት ለእኛ ብለው ብቻ አልነበረም። ማሽኑንም ብርድ ይመታዋል ብለው ይፈሩ ነበር። ማታ ጌም ቤቱ ሲዘጋ በዳንቴሉ ላይ ጋቢ ደርበው ያለብሱታል።

«ወንድሜ ከጅዳ የላከው ዕቃ ነው» ይሉ ነበር። «የኛን ብርድ የት ያውቀዋል?»

ማሽኑን ግን ብርድ አልነበረም የሚገድለው። ጨዋታ ተጀምሮ ጥቂት ሲቆይ እንደ ወፍጮ ማጓራት ይጀምራል። ከዚያ ይግላል። ከዚያ ድርግም ይላል። ሁልጊዜም የሚጠፋው ከዕረፍት በኋላ፣ ሁለተኛው አጋማሽ ብዙም ሳይገፋ ነው። መጀመሪያ ሰሞን በዚህ የተነሳ ጠብ አይጠፋም ነበር። ሲመራ የነበረው «አሸንፌያለሁ» ይላል፤ ሲመራበት የነበረው «ገና እኮ ነበር» ይላል። አንድ ቀን ሁለት ልጆች በጆይስቲክ ገመድ ሊተናነቁ ሲሉ እትዬ ሲቲ ከጓዳ በኩል ገቡና ሕግ አወጡ። ከዛሬ ጀምሮ ጨዋታ ማለት የመጀመሪያው አጋማሽ ነው። ዳኛው የዕረፍት ፊሽካ ሲነፋ እትዬ ሲቲ ከተቀመጡበት ሳይነሱ «አለቀ! ተጨባበጡ!» ይላሉ። እንጨባበጣለን። ማሽኑ ጠፍቶ ያርፋል፤ ተረኞች ይገባሉ።

ሕጉ ሌላም አንቀጽ ነበረው፤ ተሸናፊ ያራግባል። ማሽኑ እንዳይግል፣ ፍሙም እንዳይሞት፣ የተሸነፈው ልጅ ከስንደዶ የተሠራውን ማራገቢያ ይዞ በምድጃውና በማሽኑ መካከል ይቀመጣል። አንድ ለፍሙ፣ አንድ ለማሽኑ። አንድ ለፍሙ፣ አንድ ለማሽኑ። በዚህ ሥራ ላይ ከማንም በላይ የቆየሁት እኔ ነኝ። እናቴ ሹራቤን ስታጥብ «ጌም ቤት ነው የምትውለው ወይስ ከሰል ታከስላለህ?» ትለኝ ነበር።

እንዲህ ሆኖ የእኛ ሰፈር ልጆች በእግራችን ስንጫወት እንኳ ዕረፍት ላይ ተጨባብጠን ወደየቤታችን እንሄድ ነበር። የስፖርት መምህራችን መጀመሪያ ያየን ቀን ፊሽካውን አፉ ላይ እንደያዘ «ወዴት ነው?» አለን። «አለቀ» አልነው፤ እሱ ግን ገና መጀመሩ ነበር።

በመጀመሪያው አጋማሽ ሙስዐብ ሁልጊዜ ይመራኛል። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ መልስ ነበረኝ፤ «እኔ ቀስ ብዬ ነው የምሞቀው። የሁለተኛ አጋማሽ ተጫዋች ነኝ።» ይህን ክርክር ተሸክመን አደግን። እሱ ዳንግላ ወረደ፤ እኔ እዚሁ መንገድ ዳር የቀርከሃ ወንበርና መደርደሪያ የምሠራበት ቤት ከፈትኩ። ለጥምቀት እሱ ይደውላል፣ ለኢድ እኔ እደውላለሁ። ስልኩን ሲያነሳ የመጀመሪያ ቃሉ አይለወጥም፤ «እህሳ፣ የሁለተኛው አጋማሽ ጀግና!»

እስካሁን እናቱን ሊጠይቅ ሲመጣ እኔንም ያየኝ ነበር። ከዛሬ በኋላ ቆሰበር ላይ የሚገባበት ቤት የለውም። ዳንግላ ሩቅ አይደለችም፣ አውቃለሁ። ግን ሰው ቅርብ ነው እያለ ነው ሳይሄድ የሚቀረው። ስለዚህ ይህ ማሽን ዛሬ፣ መኪናው ሳይመጣ፣ አንድ ሙሉ ጨዋታ መቆየት ነበረበት።

ክዳኑን አነሳሁት።

ውስጡ የማሽን ውስጥ አይመስልም። የምድጃ ሥር ነው የሚመስለው። ግራጫ አመድ ከጥግ እስከ ጥግ ተጋግሯል፤ ፋኑ ላይ እንደ ሱፍ ተድበልብሎ ክንፎቹን አስሯቸዋል። ሙቀቱን የሚያስወጡት ስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎች መካከላቸው ተደፍኖ አንድ ድፍን ብረት ሆነዋል።

ሙስዐብ ጆንያውን አስቀምጦ መጣና ጎንበስ አለ። በሁለት ጣቱ ቆንጥሮ አሸት አሸት አደረገው።

«ይሄ አቧራ ነው?»

«አመድ ነው።»

«አመድ ከየት መጣ?» አለ። ዓይኑ ከአመዱ ወደ እኔ ዞረ። «ደርሴ፣ ማን ነበር የሚያራግበው?»

«አንድ ለፍሙ…» አልኩ።

«አንድ ለማሽኑ!» ብሎ ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ። «እማ! እማ፣ ነይ እዪ! ደርሴ ጌሙን ረመጥ ውስጥ እንደ ድንች ቀብሮት ነበር!»

እኔም ሳቅሁ፤ ነገሩ ግን በአእምሮዬ እየዞረ ነበር። ስሸነፍ አራግባለሁ። ሳራግብ ፍሙ ላይ ያለው አመድ ይነሳል፤ ፋኑ ይስበዋል። አመዱ ሲጨምር ማሽኑ ይበልጥ ይግላል። ያን ያህል ስጠብቀው የነበረውን ሁለተኛ አጋማሽ ከእኔ የሚያርቀው የራሴ ማራገቢያ ነበር።

እትዬ ሲቲ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ገቡ። አዩ፤ አልሳቁም።

«ይሄ ከኔ ምድጃ የወጣ ነው?»

«ትንሽ ነው እኮ፣ እትዬ» አልኩ።

«ብርድ እንዳይመታው ብዬ ነበር» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ይሄን ሁሉ ልጅ ጨዋታውን ሳይጨርስ ስመልስ የኖርኩት በገዛ ምድጃዬ ነው?»

«እኛ እኮ እትዬ፣ ከጌሙ ይልቅ ለምድጃው ነበር የምንመጣው» አልኩ።

«ውሸታም! እናትህ ቤት ምድጃ የለም?»

«አለ። ጌም የለም እንጂ።»

ያን ጊዜ ሳቁ። «ወላሂ፣ አፍህስ ሁለተኛ አጋማሽ ላይ ይሞቃል» ብለውኝ ወደ ጓዳ ገቡና የሱቁን ሚዛን የሚጠርጉበትን ለስላሳ ብሩሽ ይዘው ወጡ። «በዚህ አድርገው። በአፍህ እንዳትነፋው፤ ምራቅ ይገባበታል።»

ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ጠረግሁት። ነፋሱ አመዱን እየወሰደ ወደ መንገዱ ይበትነዋል። የፋኑን ክንፎች አንድ በአንድ በጨርቅ ጠረግሁ፤ በጣቴ ስነካው ዞረ፤ በልጅነቴም እንዲህ ቀሎት ሲዞር አላየሁትም። በቅጠሎቹ መካከል በቀጭን የቀርከሃ ስንጥር እየፈለቀቅሁ አወጣሁ። ቀርከሃ ስቆርጥ ስለምውል እንዲህ ያለ ስንጥር ከኪሴ አይጠፋም። ከሥሩ፣ ብረቱ ከማሽኑ ልብ ጋር የሚነካካበት ቦታ ላይ፣ ድሮ ነጭ ቅባት የነበረው ነገር ደርቆ እንደ ኖራ ተሰነጣጥቋል። በአልኮል በነከርኩት ጥጥ ጠረግሁት።

ሙስዐብ ከኪሱ መርፌ የሌላት ትንሽ ሲሪንጅ አወጣ። ከዳንግላ ያመጣልኝ አዲሱ ቅባት ነው። መሐሉ ላይ ጠብ አድርጌ ልከድነው ስል እጄን ያዘው።

«ጨምርበት እንጂ። ለዚህች ነው ይሄን ሁሉ መንገድ ያመጣሁት?»

«ይበቃል። የምስር ፍሬ ያህል ነው የሚደረገው።»

«ማን አለ?»

«ቪዲዮ ላይ አይቼዋለሁ።»

«ቪዲዮውን ሙሉውን አየኸው?»

የሲሪንጁን ጫፍ በጨርቅ ጠረግሁ።

«ደርሴ?»

«ግማሹን» አልኩ። «ከዚያ ኔትወርኩ ጠፋ።»

ሙስዐብ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ «ያ አላህ» አለ። «ይሄ ሰው በሕይወቱ አንድ ነገር እስከ መጨረሻው አይቶ ያውቃል?»

ያላየሁት ግማሽ የሚገጠምበት መሆኑን አልነገርኩትም።

ገጠምኩት። ከሥሩ አየር እንዲያገኝ ሁለት የቀርከሃ ቁራጭ አጋድሜ በላያቸው አስቀመጥኩት። ቴሌቪዥኑ ግን በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሮ ከዕቃው ጋር ተደርድሯል። እትዬ ሲቲ ብርድ ልብሱን ስንፈታ ሲያዩን «አሁን እኮ ነው የጠቀለልኩት! እናንተ ልጆች መቼ ነው የምታድጉት?» እያሉ ገመዱን ራሳቸው ፈቱልን። የጌሙን ሲዲ በሹራቤ እጅጌ ጠረግሁት። ማሽኑን አበራሁ። ስክሪኑ ጠቆረ፣ ሰማያዊ ሆነ፣ ያ የምናውቀው ሜዳ ብቅ አለ። ሙስዐብ ትከሻዬን መታኝ።

«ቆይ» አሉ እትዬ ሲቲ። «ጩኸቱ የታለ?»

«ተስተካከለ እኮ፣ እትዬ። ለዚያ ነው የማይጮኸው።»

«ጭራሽ? ትንሽ እንኳ?» ጆሯቸውን ወደ ማሽኑ አዘነበሉ። «ይሄ ዕቃ በሕይወት እያለ ዝም ብሎ አያውቅም።»

ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ድርግም አለ። ስነካው ይፋጃል። ደጅ ላይ በዚያው ቅጽበት የኢሱዙ ጡሩምባ ጮኸ።

ሹፌሩ ሸዕባን የእትዬ ሲቲ የአክስት ልጅ ነው፤ ትዕግሥት የሌለው ሰው ነው። ከመኪናው ሳይወርድ «ተዘጋጅታችኋል?» አለ።

«ትንሽ ጠብቀን» አለው ሙስዐብ።

«ምን ቀራችሁ?»

«አንድ ጨዋታ።»

«የምን ጨዋታ?»

«የኳስ።»

ሸዕባን ወደ እኔ፣ ከዚያም ወደ ተከፈተው በር አየ። «እኔ የተጠራሁት ቤት ልጭን ነው ወይስ ስታዲየም ልገባ?»

ሙስዐብ ዞር ብሎ አየኝ። ማሽኑ ጭኔ ላይ ነው። ሊለኝ የፈለገው ፊቱ ላይ ነበር፤ በቃ፣ ይቅር። አላለውም። «ሌላውን ዕቃ እንጫን» አለ ለሸዕባን። «ቴሌቪዥኑና ጌሙ መጨረሻ ይሁኑ። ደርሴ፣ ጭነን እስክንጨርስ ድረስ ነው ያለህ።»

ብሎኖቹን እንደገና ፈታሁ። አሁን የምፈልገውን አውቄያለሁ፤ ጩኸት የለም ማለት ፋኑ አይዞርም ማለት ነው። ክዳኑን ሳነሳ የፋኑን ቀይና ጥቁር ቀጭን ሽቦ ጎን ላይ ተንጠልጥላ አገኘኋት። ስገጥም መልሼ አልሰካኋትም ነበር። ቦታዋ በጣም ጠባብ ነው፤ ጣቴ አይገባም። በስንጥሬ ጫፍ እየገፋሁ ቀጭ እስክትል ድረስ ሰካኋት። ብረቱን ስላነሳሁ ቅባቱንም ጠርጌ እንደ አዲስ አደረግሁለት፤ ከሲሪንጁ የወጣችው የመጨረሻዋ ጠብታ ነበረች። ስከድን ደጅ ላይ አልጋው ሲጫን ይሰማኛል፤ ከዚያ ወንበሮቹ፣ ከዚያ የብረት ድስቶቹ።

ስጨርስ ክፍሉ ውስጥ ከቴሌቪዥኑና ከአንድ የተጠቀለለ ፍራሽ ሌላ ምንም አልነበረም። ሙስዐብ ላቡን እየጠረገ ገባና አጠገቤ ቁጭ አለ። አበራሁት። ትንሽ፣ ለስላሳ፣ የንብ የመሰለ ድምፅ ተሰማ።

«ነፍስ ዘራ» አለ ሙስዐብ።

እሱ ቀዮቹን ያዘ፣ እኔ ሰማያዊዎቹን፣ እንደ ድሮው። ባዶው ክፍል የተመልካቹን ጩኸት ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ይወረውረዋል። ጣቶቻችን ወፍረዋል፤ ያም ሆኖ መንገዱን አልረሱም። ሙስዐብ ያችኑ የድሮ ተንኮሉን ሠራት፤ በመስመር ይሮጥና ሜዳው ሊያልቅበት ሲል ወደ መሐል ይሰዳል፤ አንዱ በጭንቅላቱ ይገጫታል።

«ይቺን እስከ ዛሬ አልተማርካትም?»

«አውቃታለሁ። ማወቁ አያግደኝም እንጂ።»

አንድ ለዜሮ። ዳኛው የዕረፍት ፊሽካውን ነፋ።

«አለቀ! ተጨባበጡ!» የሚል ድምፅ ከደጅ መጣ።

እትዬ ሲቲ ናቸው። ከሸዕባን ጋር ሸራ እያለበሱ ሳለ ነው የተናገሩት፤ አስበውበት አይመስለኝም። እኔና ሙስዐብም ሳናስብ ተጨባበጥን። እሱ እንዲያውም ሊነሳ እጁን መሬት ላይ አስደግፎ ነበር።

«ቆይ» አልኩት።

ሁለታችንም ማሽኑን አየን። መዳፌን ላዩ ላይ አኖርኩ። ለብ ብሏል እንጂ አይፋጅም። የንቡ ድምፅ አልተለወጠም።

እትዬ ሲቲ በሩ ላይ ቆሙ። «ምነው አልተነሳችሁም?»

«አልጠፋም፣ እትዬ።»

ገቡ። ጎንበስ ብለው የእጃቸውን ጀርባ ማሽኑ ላይ አሳረፉ፤ የታመመ ልጅ ግንባር የሚነኩ ይመስል። «ትኩሳቱ ለቆታል» አሉ። ከዚያ ፍራሹ ላይ ተቀመጡ። «በሉ ቀጥሉ እንጂ። ያን ሁሉ ዓመት ጌም ቤት ይዤ መጨረሻውን አይቼው አላውቅም። መጨረሻ ላይ ምን ያደርጋሉ?»

«እኛስ መቼ አየነው» አለ ሙስዐብ።

ሁለተኛው አጋማሽ ተጀመረ። ኳሷን ነጠቅሁትና ወደ ቀኝ ሮጥኩ። እኔ የማጠቃው ወደ ቀኝ ነው፤ ጣቴ ሌላ አያውቅም። ፊት ለፊቴ ማንም አልነበረም። አንድም ቀይ ማሊያ ሊያግደኝ አልመጣም፤ በረኛው እንኳ ጠጋ ብሎ መንገድ የለቀቀልኝ መሰለኝ። ይኸው፣ አልኩ በልቤ፣ የሁለተኛ አጋማሽ ሰው ማለት ይሄ ነው። ኳሷን እየገፋሁ መረቡ ውስጥ ገባሁ።

«ጎል!» ብዬ ብድግ አልኩ።

ሙስዐብ አልተንቀሳቀሰም። ስክሪኑ ላይ ሁለት ለዜሮ የሚል ተጻፈ።

«ራሱ ላይ አገባ እኮ!» አለ ሸዕባን ከበሩ። መቼ መጥቶ እንደቆመ አላየሁትም።

ከዕረፍት በኋላ ቡድኖቹ ሜዳ ይቀያየራሉ። ይህን የማያውቅ ሰው የለም፤ እኔም አውቀዋለሁ። በዚህ ስክሪን ላይ ግን ሜዳ ተቀያይሮ ከጥቂት ደቂቃ በላይ ተጫውቼ አላውቅም። ጣቴ የምታውቀው አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ሙስዐብ ወለሉ ላይ ተንከባሎ ሳቀ፤ እንባው ወረደ። ከዚያ እንባውን ሳይጠርግ ኳሷን ያዘና እሱም ወደ ግራ፣ ወደ ለመደው ወገን፣ ወደ ራሱ ጎል ሮጠ።

«ሙስዐብ!» ብለው ጮሁ እትዬ ሲቲ። «ወዴት ነው?»

ሲነቃ በረኛው ፊት ደርሶ ነበር። ሊዞር ሲል ነጠቅሁትና መታሁ። ሁለት ለአንድ።

ከዚያ በኋላ ጨዋታው ጨዋታ ሆነ። እኔ «ወደ ግራ፣ ወደ ግራ» እያልኩ ለጣቶቼ እነግራቸዋለሁ፤ እትዬ ሲቲ «ወደ ግራ ልጄ!» ይሉኛል፤ ሙስዐብ «እማ፣ የማን እናት ነሽ?» ይላል፤ ሸዕባን መኪናውን ረስቶ «አቀብል! አቀብል!» ይላል። መጨረሻ ላይ የመታኋት ኳስ ቋሚውን ገጭታ ወጣች። ማሽኑ ግን አልጠፋም። ፊሽካው ተነፋ፤ ረጅም ነው፣ ከዕረፍቱ ፊሽካ የተለየ።

ተሸነፍኩ። ለረጅም ዘመን የያዝኩት ምክንያት እዚያው ወለል ላይ አለቀ። አዝናለሁ ብዬ ነበር፤ የተሰማኝ ግን ጠባብ ጫማ ያወለቀ ሰው የሚሰማው ዓይነት ነገር ነው።

«ስማ» አለ ሙስዐብ። «ከዕረፍት በኋላ ስንት ጎል ገባ?»

«ሁለት።»

«ሁለቱንም ያገባ ማን ነው?»

አሰብኩ። «እኔ።»

«እንግዲያ እውነትህን ነበር። የሁለተኛ አጋማሽ ተጫዋች ነህ።»

እትዬ ሲቲ ስክሪኑን ትክ ብለው እያዩ ነበር። ተጫዋቾቹ አንድ በአንድ ወጡ። ተመልካቹም ጠፋ። ሜዳው ብቻውን ቀረ፣ ከላዩ ትልልቆቹ መብራቶች እንደበሩ።

«በቃ?» አሉ።

«በቃ፣ እማ።»

«መብራቱን ሳያጠፉ ሄዱ?»

እትዬ ሲቲ ተነስተው ወደ ጓዳ ሄዱ። ማብሪያው ቀጭ ሲል ሰማን፤ ከዚያ የመኝታ ቤቱ፤ ከዚያ የደጁ። ቀን ስለነበር መብራት የበራ አይመስለኝም። ግን አንዱንም ሳይነኩ አላለፉም።

ማሽኑን ነቅዬ ገመዶቹን ጠቀለልኩ። እዚሁ ከእኔ ጋር ይቀራል ብዬ ነበር፤ የት እንደማስቀምጠውም አስቤያለሁ። ሙስዐብ ግን ከእጄ ወሰደውና ብብቱ ሥር አደረገው።

«ወደ ዳንግላ ነው የሚሄደው።»

«አሁን እኮ ተሠራ» አልኩ።

«እዚህ ይበርዳል። አንተ ደግሞ ምድጃ ታስጠጋበታለህ፤ አውቅሃለሁ።»

«ዳንግላ ምድጃ የለም?»

«ምድጃ አያስፈልግም። አቧራ ግን አለ፤ ኡፍፍ፣ ስንት አቧራ! በየወሩ የሚከፍትና የሚጠርግ ሰው ካልመጣ መልሶ ይግላል።»

«ዳንግላ ስልክ ጠጋኝ ሞልቷል።»

«ሞልቷል» አለ። ማሽኑን ወደ ሌላኛው ብብቱ አዛወረው። ዓይኑን ከእኔ ላይ አንስቶ በሩ ላይ አደረገ። «እነሱን ቤት አላስገባም። ቅዳሜ ና። እማ ድንች ትቀቅልልሃለች። በመልሱ ጨዋታ ሜዳ ከመቀያየራችን በፊት አስታውስሃለሁ።»

«ቅዳሜ ገበያ ነው፤ እሑድ» አልኩ።

«እሑድ ይሁን።»

እትዬ ሲቲ ማሽኑን ሊሸፍኑ ጋቢያቸውን አንስተው ነበር። ትንሽ አሰቡና መልሰው ትከሻቸው ላይ ጣሉት። «አየር ያግኝ» አሉ።

ቴሌቪዥኑን ለመጨረሻ ጊዜ ጠቅልለን ጫንነው። ሸራው በአንድ ጥግ ተነስቶ ነፋስ ያራግበዋል። ሸዕባን ገመዱን ከወዲያ ወረወረልኝ፤ ሳብኩት፣ በጎን ባለው የብረት ቀለበት አሳለፍኩት፣ እግሬን ጎማው ላይ አድርጌ ጠበቅ አደረግሁ፣ ቀርከሃ ሳስር እንደማስረው ሁለቴ ጠምዝዤ ቋጠርኩት። በእጄ ስመታው ሸራው አልተነቃነቀም። የተረፈውን ገመድ ክርኔ ላይ ጠቀለልኩና ከሸራው ሥር ወሸቅሁት።